ቀለሙ ገደብ አለው፤ ቻርጀሩስ?

ለንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር
ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ ለሚገኙ መርዛማ ንጥረ ነገሮች በቁጥር የተቀመጠ ገደብ እንዲወጣ ስለመጠየቅ



ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ስልክ በመጠገንና ቻርጀር፣ ኬብል፣ ማከፋፈያ በመሸጥ የምተዳደር ሰው ነኝ። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በግድግዳና በበር ቀለም ውስጥ ምን ያህል እርሳስ፣ ማለትም ሊድ፣ ቢኖር እንደሚፈቀድ አገራችን በቁጥር ደንግጋለች። ሕፃን አፉ ውስጥ ለሚከተው የቻርጀር ገመድም እንዲሁ ያለ ቁጥር ይውጣለት። ወጥቶ ከሆነ ደግሞ ሱቃችን ግድግዳ ላይ እንድንለጥፈው ይሰጠን።

ከቡልጋሪያ ማዞሪያ ተነስታችሁ ወደ ካዛንቺስ ስትሄዱ ከምታገኙት ከየትኛውም ሱቅ አንድ ቻርጀር አንሡና ጀርባውን ገልብጡት። በጥቃቅን ምልክት የተሞላ ነው። ሲኢ የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። ኤክስ የተደረገበት ባለጎማ የቆሻሻ ገንዳ አለ። በክብ በተጠማዘዙ ቀስቶች መሐል 10 ወይም 20 የሚል ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። የመጀመሪያው አምራቹ የአውሮፓን ሕግ አሟልቻለሁ ብሎ በራሱ ኃላፊነት የሚለጥፈው ነው። ለአብዛኛው ዕቃ ማንም መንግሥት መርምሮ የሰጠው ማረጋገጫ አይደለም፤ አስመስሎ ለሚያትመውም ከቀለም በቀር ወጪ የለውም። ሁለተኛው ዕቃውን ከቤት ቆሻሻ ጋር አትጣሉ የሚል የአውሮፓ ትእዛዝ ነው። ሦስተኛው የቻይና ነው።

ስለ ሦስተኛው ደንበኞቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ብዙዎቹ የአሥር ዓመት ዋስትና ይመስላቸዋል፤ እንደዚያ ብሎ የሚሸጥላቸው ነጋዴም አይጠፋም። ትርጉሙ ሌላ ነው። ቁጥሩ በብርቱካንማ ምልክት መሐል ከተጻፈ፣ ዕቃው ውስጥ ከተወሰነው መጠን ያለፈ አደገኛ ንጥረ ነገር አለ፤ በአግባቡ ከተያዘ ግን ለአሥር ዓመት አይወጣም፣ አይፈስም ማለት ነው። ከቁጥር ይልቅ አረንጓዴ የላቲን ‘ኢ’ ፊደል ከሆነ ከገደቡ ያለፈ የለበትም ማለት ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለችው ወረቀት ላይ ደግሞ ክፍል በክፍል ክብና ኤክስ የተደረደረበት ሠንጠረዥ አለ፤ ክቡ ከገደብ በታች፣ ኤክሱ ከገደብ በላይ ነው። እኛ አገር ያቺ ወረቀት ሳትነበብ ከካርቶኑ ጋር ትጣላለች። ብትነበብም በቻይንኛ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ምልክት ለሌላ አገር ሸማች የተጻፈ መልእክት ነው። ለኢትዮጵያዊ ገዢ የተጻፈ አንድም የለበትም።

ሰፈራችን በስሟ የሚጠራባት ቡልጋሪያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2007 የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆናለች። ስለዚህ ሶፊያ ከተማ ቻርጀር የሚገዛ ሰው በንግዱ ዓለም ‘ሮስ’ በሚባለው የኅብረቱ መመሪያ ይጠበቃል። መመሪያው እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2006 ጀምሮ በስድስት ነገሮች ላይ ገደብ ጣለ፦ በእርሳስ፣ በባዜቃ ወይም ሜርኩሪ፣ በካድሚየም፣ በሄክሳቫለንት ክሮሚየም፣ እንዲሁም ፕላስቲክ ቶሎ እሳት እንዳይዘው በሚጨመሩ ሁለት የብሮሚን ውሁድ ዓይነቶች። ካድሚየም ከ0.01 በመቶ፣ ሌሎቹ ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጡ ነው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 22 ቀን 2019 ወዲህ ደግሞ አራት የፍታሌት ዓይነቶች ተጨምረው አሥር ሆነዋል። ፍታሌት ማለት የኬብል ልባሱን ልስልስና ተጣጣፊ የሚያደርገው ነው። አራቱ የታገዱት የመራባት ጤናን ስለሚጎዱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ረጋ ብላችሁ እንድታዩልኝ እለምናለሁ፤ ደንብ ስታወጡ ልፍስፍስ ወይም ጠንካራ የሚያደርገው እሱ ነውና። 0.1 በመቶ የሚባለው ከምን ላይ ነው? ከጠቅላላው ዕቃ ክብደት አይደለም። ዕቃው በመፍቻ ተፈቶ፣ ተቆርጦ፣ ተፍቆ ከዚያ ወዲያ ሊለያይ የማይችል አንድ ወጥ ቁስ ላይ ሲደረስ፣ ሒሳቡ በዚያ ቁስ ላይ ይሠራል። የኬብሉ ልባስ ለብቻው፣ የብየዳው ነጥብ ለብቻው፣ የሶኬቱ ቅብ ለብቻው ይመዘናል። ለምሳሌ 200 ግራም የሚመዝን መሣሪያ ቦርዱ ላይ 0.4 ግራም የተለመደው ባለእርሳስ ብየዳ ቢኖረው፣ ብየዳው 37 በመቶ እርሳስ ስለሆነ፣ ያለው እርሳስ 0.148 ግራም ነው። ከጠቅላላው ክብደት ሲታይ 0.074 በመቶ፤ ፈተናውን አለፈ ማለት ነው። በአውሮፓ አለካክ ግን ያው ብየዳ የገደቡ 370 እጥፍ ነው፤ ወደቀ። ስለዚህ ነገ ደንብ ወጥቶ “ከዕቃው ክብደት” የሚል ቃል ከገባበት፣ ደንቡ ከመታተሙ በፊት ተበስቷል።

ሌሎች አገሮች የሄዱበት መንገድ እንደየጠባያቸው ነው። አውሮፓ ራሷ ከሮስ ጎን ‘ሪች’ የሚባል ሌላ ትልቅ ሕግ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ላይ ዋለ። በሱ መሠረት ማንም ሸማች ሻጩን “ይህ ዕቃ እጅግ አሳሳቢ ተብለው ከተዘረዘሩት ንጥረ ነገሮች ከ0.1 በመቶ በላይ አለበት ወይ?” ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሻጩም በ45 ቀን ውስጥ ያለ ክፍያ የመመለስ ግዴታ አለበት። አሜሪካ እንደ ሮስ ያለ አገር አቀፍ ሕግ የላትም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2007 በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሻንጉሊቶች በእርሳስ ቀለም ምክንያት ከገበያ ከተሰበሰቡ በኋላ በማግሥቱ ዓመት ሕግ አውጥታ፣ ዛሬ የልጆች ዕቃ ውስጥ ያለ እርሳስ ከ100 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 100 እጅ፣ እንዳይበልጥ ታስገድዳለች። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው የካቢኔ ውሳኔ የአውሮፓን ዓይነት ገደብ ለራሷ ገበያ ወስዳለች። “የዱባይ ዕቃ ነው” ብለን ስንሸጥ፣ ዱባይ ለራሷ ነዋሪ ምን እንደምትጠይቅ አስበን አናውቅም።

የካሊፎርኒያው ለብቻው ይነገር። እ.ኤ.አ. በ1986 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ሕጓ አይከለክልም፤ ያስጠነቅቃል። ወደ 900 የሚደርሱ ኬሚካሎች ዝርዝር አለ፤ ሰውን ከተወሰነ መጠን በላይ የሚያገኘው ከሆነ ማስጠንቀቂያ ለጥፍ ይላል። ማስጠንቀቂያው በዛና ከመኪና ማቆሚያ እስከ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሁሉ ላይ ተለጠፈ። ጉዳዩ እኛም ቤት ገብቶ ነበር፦ ቡና ሲቆላ አክሪላማይድ የሚባል ነገር ስለሚፈጠር፣ እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ የካሊፎርኒያ ዳኛ ቡና ሻጮች የካንሰር ማስጠንቀቂያ ይለጥፉ ብለው ወሰኑ። በዓመቱ የግዛቲቱ መሥሪያ ቤት ደንብ አውጥቶ ቡናን ነፃ አወጣው። የይርጋ ጨፌ ገበሬ ይህን ቢሰማ ምን ይል እንደነበር እንጃ። እኔ ግን የምለው አለኝ፦ የማስጠንቀቂያ መንገድ ለእኛ አይሆንም። ከሣሽ ጠበቃ በሌለበት፣ ሸማቹም ምርጫው አንድ ባለ 150 ብርና አንድ ባለ 400 ብር ቻርጀር በሆነበት ገበያ፣ ማስጠንቀቂያ ማንንም አያድንም። በር ላይ የሚያቆም ቁጥር ነው የሚያስፈልገን።

እንደዚያ ያለ ቁጥር ማውጣት እንደምንችል ደግሞ አሳይተናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህ ከዓለም ጥብቅ ገደቦች ጋር እኩል ነው፤ አሜሪካም ለቀለም የምትጠቀምበት ቁጥር ያው 90 ነው። ከሮስ 0.1 በመቶ፣ ማለትም ከ1000 ፒፒኤም፣ ጋር ስታስተያዩት ከአሥር እጥፍ በላይ ይጠብቃል፤ ይህም ተገቢ ነው፣ ቀለም ይፈረፈራል፣ አቧራ ሆኖ ምንጣፍ ላይ ያርፋል፣ ሕፃን ይልሰዋል። ሲቪል ማኅበራት ቀለም እየገዙ፣ ላቦራቶሪ እየላኩ፣ ውጤቱን ለሕዝብ እየተናገሩ ነው ጉዳዩ እዚያ የደረሰው፤ የፔስቲሳይድ አክሽን ኔክሰስ ማኅበር ድካም አይረሳም።

በዚያው ዓመት ደንብ ቁጥር 425 ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ፣ አዋጅ ቁጥር 1090 ስለ አደገኛ ቆሻሻ ወጥተዋል። የኢንዱስትሪ ኬሚካል ምዝገባና አስተዳደር አዋጅም የዚያው ዓመት ነው። መልካም ዓመት ነበር። ግን ቅደም ተከተሉን ተመልከቱት። በርሜል ውስጥ ለሚመጣው ኬሚካል ሕግ አለ፤ ዕቃው ሞቶ ቆሻሻ ሲሆን ሕግ አለ። ኬሚካሉ ቻርጀር፣ ማከፋፈያ፣ ባትሪ፣ የልጅ ታብሌት ሆኖ በጉምሩክ ሲገባና ቤት ውስጥ ዓመታት ሲቆይስ? እኔ እስከማውቀው መሐሉ ባዶ ነው።

መሐሉ ባዶ ሲሆን ሸክሙን የሚቀበለው መጨረሻው ላይ ያለው ሰው ነው። በሰፈራችን “ቆራሌው!” እያለ የሚዞረው ልጅ የተበላሸ ቻርጀርና የተበጠሰ ገመድ በኪሎ ይገዛል። ገመዱ ውስጥ ያለው መዳብ ዋጋ አለው፤ ልባሱ የለውም። ልባሱን ለመላጥ ፈጣኑ መንገድ እሳት ነው። ፒቪሲ ፕላስቲክ በሜዳ ሲቃጠል ዳዮክሲን ያወጣል፤ የብሮሚን ውሁድ ያለበት ፕላስቲክም የዚያ ዘመድ ይለቃል። ኢትዮጵያ የስቶክሆልም ስምምነት አባል ናት፤ ስምምነቱ እንዲቀንሱ ከሚያዛቸው መርዞች አንዱ ይኸው ዳዮክሲን ነው። ከዚያ መዳቡ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፣ አመዱ የትም ይቀራል። አቃቂ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መፍቻ ማዕከል ተቋቁሟል፤ ቆራሌው ግን ወደዚያ የሚወስደው ምክንያት የለውም። ገመዱ ሲገባ ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ከልባሱ የሚወጣው እርሳስና ካድሚየም ባልነበረ።

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ጎረቤቶቻችን ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። የማይጫነው ቀረ፤ የተሰበረ የፍሎረሰንት አምፖል፣ አሮጌ ቴሌቪዥን፣ በየዓመቱ ለዘመን መለወጫ ዘይት ቀለም ሲደራረብበት የኖረ በር። ፍሎረሰንቱ ውስጥ ባዜቃ አለ፤ የድሮው ቴሌቪዥን መስተዋት ውስጥ በኪሎ የሚቆጠር እርሳስ ሊኖር ይችላል፤ በሩ ላይ ከደንብ ቁጥር 429 በፊት የተቀባ ቀለም አለ። የማነሣው ስለ ፈረሳው ለመከራከር አይደለም። ዛሬ ያለ ገደብ የምናስገባው ዕቃ ነገ የአንድ ሰፈር ፍርስራሽ ይሆናል ለማለት ነው።

ስለ እርሳስ ጉዳት ብዙ መጻፍ አያስፈልገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ዩኒሴፍና ፒዩር ኧርዝ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ዘገባ በዓለም ከሦስት ልጆች አንዱ፣ ወደ 800 ሚሊዮን የሚሆኑ ልጆች፣ በደማቸው ውስጥ ዕርምጃ የሚያሻው መጠን እንዳለ ገምተዋል። ዋናው ምክንያት ቻርጀር ነው አላሉም፤ እኔም አልልም። በየቦታው የሚያቃጥሉትና የሚያቀልጡት የመኪና ባትሪ ከሱ ይብሳል። ነገር ግን የልጅ ደም ምንጩን አይለይም፤ ከየትም ይምጣ ይደምራል።

አሁን ተቃውሞው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ እኔው ሱቅ ውስጥ ስለምሰማው።

መጀመሪያው ዋጋ ነው። “ደሃ አገር ነን፤ ብታጠብቁት ዕቃ ይወደዳል።” ለአውሮፓ የሚሠራውና ለእኛ የሚሠራው ፋብሪካ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። እርሳስ የሌለበት ብየዳ በዓለም ገበያ ልዩ ዕቃ መሆኑ ከቀረ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቻይና እስካሁን ገደቡን የግድ ያደረገችው እንደ ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ ማቀዝቀዣ ላሉ 12 የዕቃ ዓይነቶች ነበር፤ ለቀሩት መለያውን መለጠፍ ይበቃቸዋል። አሁን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2027 ጀምሮ ሥራ ላይ የሚውል አስገዳጅ ብሔራዊ ደረጃ አውጥታለች፤ አሥሩንም ንጥረ ነገሮች ይገድባል። ያን ቀን በገዛ አገሩ የማይሸጥ ሸቀጥ መጋዘን ውስጥ አይቀመጥም። ቁጥር የሌለበት በር ይፈልጋል። ያ በር የእኛ እንዳይሆን ጊዜው አሁን ነው።

ሁለተኛው “መሣሪያው የት አለ?” ነው። በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መመርመሪያ አለ፤ ሽጉጥ ይመስላል፤ ዕቃው ላይ ሲደግኑት እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ባዜቃ፣ ብሮሚን ምን ያህል እንዳለ በሰኮንዶች ወይም በደቂቃ ውስጥ ይነግራል። ፍታሌትን አያይም፤ ክሮሚየሙም የትኛው ዓይነት እንደሆነ አይለይም፤ ለነሱ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ግን ለመጀመሪያ ማጣሪያ ይበቃል። ሞጆ ደረቅ ወደብና ቃሊቲ ላይ ጥቂቱ ቢቀመጥ፣ አጠራጣሪው ብቻ ወደ ኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ቢላክ፣ ሥራው ተጀመረ። የአውሮፓ ኅብረትም አደገኛ ሆነው የተገኙ ዕቃዎችን ከነፎቶና ከነሞዴል ቁጥራቸው በየሳምንቱ ለሕዝብ ያወጣል፤ ብየዳቸው ባለእርሳስ ሆኖ የወደቁ ርካሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች እዚያ ዝርዝር ላይ በየጊዜው አሉ። ማንበቡ ክፍያ የለውም።

ሦስተኛው ኮንትሮባንድ ነው። ለዚህ ጥሩ መልስ የለኝም። በኮንትሮባንድ የሚገባውን ቁጥር አያቆመውም። ግን በሕጋዊ መንገድ፣ ቀረጥ ከፍሎ፣ ደረሰኝ ይዞ የሚገባውስ ለምን ያለ መለኪያ ያልፋል?

የሙያ ባልደረቦቼ ይቆጡኝ ይሆናል እንጂ ደንቡ ሲወጣ እኛንም ጠጋኞችን ይንካ። በየሱቁ የምንጠቀምበት ብየዳ ባለእርሳሱ ነው። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም፤ ባለእርሳሱ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፣ እርሳስ የሌለበት የተለመደው ዓይነት ወደ 217 ይፈልጋል፤ ርካሽ ካውያና አሮጌ ቦርድ ያን ሙቀት አይወዱም። አንድ የተሳሳተ እምነትም በሙያው አለ፦ ብዙዎቻችን ጭሱን እንፈራለን። ጭሱ በአብዛኛው የማጣበቂያው ሙጫ ነው፤ ሳንባ ያስቆጣል፣ አስም ያመጣል፣ ግን በካውያ ሙቀት እርሳስ እምብዛም አይተንም። እርሳሱ የሚገባው በእጅ ነው። ብየዳ ይዘን ቆይተን፣ ምሳ ሲመጣ በልብሳችን ጠራርገን እንጀራ ስንቆርስ። ለዚህ ደንቡ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሳሙናና አንድ ገጽ የአማርኛ መመሪያ ይበቃል። እሱንም ማንም አልሰጠንም።

ጉዳዩ በቻርጀር አያበቃም፤ ኤሌክትሪክ መኪናም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተወስኗል፤ ከዚያ ወዲህ የሚመጣው አውቶሞቢል በአብዛኛው ትልቅ ባትሪ ተሸክሞ ነው። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2023 ለባትሪ ብቻ ራሱን የቻለ ሕግ አውጥታለች፤ ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ምን እንደያዘ የሚገልጽ ዲጂታል ፓስፖርት ይኖረዋል። እኛ ያንኑ መረጃ ከአስመጪው ለመጠየቅ አዲስ ጥናት የሚያስፈልገን አይመስለኝም።

የምጠይቀው እንግዲህ ይህ ነው። አዲስ ቁጥር ለመፈልሰፍ ኮሚቴ አይቋቋም፤ አሥሩ ንጥረ ነገሮችና ገደቦቻቸው ሌሎች አገሮች የሚሠሩባቸው ናቸው፣ እንዳሉ ይወሰዱ፣ በአንድ ወጥ ቁስ ይለኩ። አስመጪ ዕቃውን ሲያስገባ የአምራቹን መግለጫና አይኢሲ 62321 በሚባለው ዓለም አቀፍ አለካክ የተሠራ የምርመራ ወረቀት ያቅርብ። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስልክና የቴሌኮም መሣሪያ ከመሸጡ በፊት ፈቃድ ይሰጣል፤ በዚያው ማመልከቻ ላይ ይህን ወረቀት መጨመር አንድ መስመር ነው። አገር ውስጥ ስልክ የሚገጣጥሙ ፋብሪካዎችም በዚሁ ይመዘኑ። መደርደሪያ ላይ ያለው ሸቀጥ እንዲያልቅ ጊዜ ይሰጠን፤ በአንድ ሌሊት ታሽጎ የሚያድር ሱቅ ደንቡን ሳይሆን ደንብ አስከባሪውን ነው የሚፈራው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813፣ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላልና፣ የወደቁ ዕቃዎች ስምና ሞዴል በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎች ቋንቋዎች ይፋ ይውጣ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን አስቀምጧል፤ ቤት ከአካባቢ የሚቆጠር ከሆነ፣ ሶኬቱ ላይ የተሰካውም ይቆጠራል።

መልሱ ለእኔ በግል እንዲደርሰኝ አልጠይቅም። በጋዜጣ ወይም በመሥሪያ ቤታችሁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይውጣ፤ ከሁለታችሁ አንዱ መሥሪያ ቤት ጉዳዩ የእኔ ነው ይበል። እስካሁን ዕቃው ንግድ ስለሆነ ወደ አንዱ፣ መርዙ አካባቢ ስለሆነ ወደ ሌላው ሲመራ ኖሯል።



በቡልጋሪያ ሰፈር የስልክ ጠጋኝና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ቸርቻሪ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ስታንዳርድ ኢንስቲትዩት
ለጉምሩክ ኮሚሽን
ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
ለቂርቆስ ክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት